ሬዚደንሲዬን እንድጨርስ ላገዛችሁኝ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ላደረሰኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። እዚህ አሜሪካ ስከታተለው የቆየሁትን የሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ሕክምና ሬዚደንሲ (ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚወስደው ሥልጠና) ሰሞኑን አጠናቅቄያለሁ። ከዋናው የምስክር ወረቀት ጋር ሌላም ተሰጥቶኛል፤ የዓለም አቀፍ ጤና ተጨማሪ ሥልጠና ያጠናቀቅሁበት ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ ስለ መጀመሪያው ነው። እኔ ግን በተለይ ላመሰግናችሁ የምፈልገው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ማንም ሳያስገድደኝ የመረጥኩት እኔ ሆኜ ሳለ ሸክሙን አብራችሁኝ የተሸከማችሁት እናንተ ናችሁና።

በዚህ አገር ብዙ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ከመደበኛው ሥልጠና ጎን፣ ሬዚደንቱ ሲፈልግ ብቻ የሚገባባቸው ዘርፎች አሏቸው። አንዱ ምርምር ይመርጣል፣ ሌላው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና፣ ሌላው የማስተማር ሙያ ወይም አልትራሳውንድ። መረጥኩ ብሎ ግን ከዋርድ ሥራ የሚቀነስለት የለም። የሬዚደንት የሥራ ሰዓት ጣሪያ በአራት ሳምንት አማካይ ሲሰላ በሳምንት 80 ሰዓት ነው፤ ተጨማሪው ንባብና ጥናት ከዚያ በተረፈው ጊዜ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ቀዳሚው ምስጋናዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ነው። ለሥልጠናው ወደ አዲስ አበባ በሄድኩበት ወር ተረኝነቴን ተከፋፍላችሁ ሸፈናችሁልኝ። የፋሲካን ሌሊት ሳልጠይቀው የወሰደልኝ ጓደኛዬ፣ ብድርህን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። እኅቴ፣ ልጄን እንደ ልጅሽ አድርገሽ ይዘሽልኛል። ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤታችን ደግሞ አዳር ሠርቼ ስወጣ እንቅልፍ እያዳፋኝ መኪና እንዳልነዳ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የሥልጠናው አንዱ ክፍል ለአዲስ መጤዎችና ለስደተኞች በተዘጋጀ ክሊኒክ ውስጥ መሥራት ነበር። እዚያ ያገኘኋቸውን አንዲት እናት መቼም አልረሳቸውም። የቲቢ ተሕዋስ በሰውነታቸው ውስጥ አለ፤ በሽታው ግን ገና አልተነሣም። ወደፊት እንዳይነሣ ሪፋምፒሲን በየቀኑ ለአራት ወር እንዲወስዱ ሌላ ቦታ ታዝዞላቸዋል፤ በእንግሊዝኛ ተነግሯቸው እሺ ብለው ሄደዋል። እኔ ጋ ሲመጡ ብልቃጡን ከቦርሳቸው አወጡት። ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። «ልጄ፣ ሽንቴ ቀላብኝ፤ ደም መስሎኝ ተውኩት» አሉኝ። መድኃኒቱ ሽንትን ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ እንደሚያደርግ፣ ይህም ጉዳት እንደሌለው በአማርኛ ስነግራቸው እጄን ይዘው ሳሙኝ፤ መድኃኒቱንም እንደገና ጀምረው ጨረሱ። እማማ፣ እንደ ወሰዱት አስመስለው ማለፍ ሲችሉ እውነቱን ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ይህን መድኃኒት ስሰጥ ስለ ቀለሙ ሳልናገር ማንንም አሰናብቼ አላውቅም።

በአዲስ አበባ ላስተማራችሁኝ ሐኪሞች ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተጎዳ ቫልቭ (ደም በልብ ውስጥ የሚያልፍበት በር) በዚህ አገር በሥልጠና ዘመን እምብዛም አይታይም፤ እናንተ ጋ በየዕለቱ ነው። አልትራሳውንዱ አልጋው አጠገብ ቆሞ እያለ መምህሬ «ቆይ፣ መጀመሪያ በጆሮሽ አግኚው» አሉኝ። ወጣቷን ታካሚ በግራ ጎኗ አስተኝተው የማዳመጫውን ትንሹን ፊት በቀስታ እንዳስቀምጥ አሳዩኝ። ያ ዝቅ ያለ የሚያጉረመርም ድምፅ ሲሰማኝ ማሽኑ ገና አልተከፈተም ነበር። ከተከፈተ በኋላ የጠበበውን ቫልቭ በዓይኔ አየሁት። መነሻው በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ችግሩ ቀድሞ ከታወቀ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፤ ያስተማረችኝ ግን ያቺ ልጅ ናት። እያመማት ደረቷን ለትምህርት ስለፈቀደችልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከዚህ የሚሄድ ሬዚደንት እዚያ ታካሚ ዳስሶ ይማራል፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሬዚደንት ግን እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ቆሞ እንዲመለከት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። የአሜሪካ ፕሮግራሞች ይህን ክፍተት በገንዘብም በሕግም ሊያጠብቡት ይገባል። እውነተኛ ትብብር ሲኖር ምን እንደሚያፈራ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር የተጀመረው የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ያሳያል፤ አሠልጥኖ የሚያስመርቀው አገር ውስጥ ነው።

ነሐሴ ውስጥ የቦርድ ፈተና፣ ማለትም የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ ፈተና፣ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ በጤና ጣቢያ ሥራ እጀምራለሁ። በዚህ ወር ሬዚደንሲ የጀመራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ተጨማሪ ዘርፍ ከመምረጣችሁ በፊት ፕሮግራማችሁን ጠይቁ፦ ለሥልጠናው የተለየ ጊዜ አለ ወይ? ስትሄዱ ተረኝነታችሁን ማን ይሸፍናል? ተቀባዩ ሆስፒታልስ የሚፈልገውን ተጠይቋል ወይ? የንባብ ማስታወሻዎቼንና ያጠናቀርኳቸውን ጽሑፎች ማግኘት የምትፈልጉ ጻፉልኝ፤ በደስታ እልክላችኋለሁ።