ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ፦ በክሊፑ ውስጥ ያለችው የጎጃም ልጅ ምን ትሠራለች?

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ በጎጃም አገር፣ አለባበስና ጭፈራ የሚሠሩ የሙዚቃ ክሊፖች ሴትን ስለሚያሳዩበት መንገድ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጭ ደግሞ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባብራለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሙዚቃ ክሊፕ ነው። ጎጃም ስንት የባሰ ጭንቅ እያለባት ስለ ክሊፕ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል ይኖራል። ይገባኛል። ግን ልጆቻችን ውለው የሚያድሩት ስልክ ላይ ነው። ሴት ምን ዓይነት ናት፣ ወንድ ምን ዓይነት ነው፣ ታዋቂ መሆን ምን ይመስላል የሚለውን እኛ ሳናስተምራቸው ከዚያ እየተማሩት ነው።

ከክበቡ ልጆች ጋር የምንሠራው አንድ ልምምድ አለ። ድምፁን አጥፍተን ክሊፕ እናያለን። ዜማው ትከሻ እያስመታ ያሳለፈው ነገር ሁሉ ያኔ ይታያል። በጎጃም ስልት ከተሠሩት አንዱን ላንሳ። ስሙን አልጠራም። መሰሎቹ ብዙ ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ድሮኑ ከላይ ይመጣል። የጤፍ ማሳ፣ ገደል፣ ወንዝ። ዘፋኙ አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ጉብታ ላይ ቆሟል። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ስለሚያነሳው ከሰማዩ ጋር ገጥሞ ይታያል። ቀጥሎ ልጅቷ ትመጣለች። እንስራ አዝላለች። እሷን ካሜራው ከእግሯ ነው የሚጀምራት። አልቦው፣ ወገቧ ላይ ያለው መቀነት፣ ድሪው፣ ሹሩባው፤ ፊቷ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልጁን አየት ታደርገውና ትሽኮረመማለች። ዓይኗን ትሰብራለች። ይዘፍናል፤ ፈገግ ትላለች። ይፎክራል፤ ፈገግ ትላለች። አፏ አንዴም ለቃል አይከፈትም።

አንዲት ተማሪ «ልጅቷ ማን ትባላለች?» ብላ ጠየቀች። ቪዲዮው ስር የተጻፈውን አነበብን። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ዳይሬክተር፣ ኤዲተር፣ መብራት፣ ድሮን ያበረረው ልጅ ሳይቀር ስሙ አለ። የእሷ የለም። አብረዋት የጨፈሩትም የሉም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለማስረዳት ብዙ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሎራ መልቪ የተባለች እንግሊዛዊት የፊልም ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ የሆሊዉድን ፊልም እንዲህ ብላ ተችታው ነበር፦ ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ለመታየት ትቀመጣለች፤ ካሜራውም ተመልካቹም በወንዱ ዓይን ያዩአታል። እሷ የጻፈችው ስለ ሌላ አገር ፊልም ነው። የእኛን ክሊፕ ድምፁን አጥፍታችሁ ስታዩት ግን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። የማወራው ስለ ቀሚስ ርዝመት አይደለም። እኛ አገር ስለ ሴትና ስለ ክሊፕ ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው «እርቃኗን ወጣች፣ ባህል ተበላሸ» ላይ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ከላይ የነገርኳችሁ ልጅ ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ጥበቡ የሚያምር፣ ነጠላው የተስተካከለ። «ባህላችንን ያስከበረ» የሚል አድናቆት ያገኘ ክሊፕ ነው። ግን ከእሷ ይልቅ አዲስ አበባ ምሽት ክበብ ውስጥ አጭር ለብሳ፣ ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች የራሷን ግጥም የምትዘፍነዋ ልጅ የበለጠ ሰው ሆና ትታያለች። ቢያንስ የምትለው ነገር አላት። ልብስን እየለካን ዝምታን ካለፍን ምን ጠበቅን?

ሌላው የኮከብነት ነገር ነው። ኮከብ ተወልዶ አይገኝም፤ ይሠራል። ሪቻርድ ዳየር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ፊልም ኮከቦች ሲጽፍ ያለው ይህንኑ ነው። የምናውቀው ሰውየውን ሳይሆን ከፊልሙ፣ ከማስታወቂያው፣ ከጋዜጣው ተለቅሞ የተገጣጠመ ምስሉን ነው። በካሴት ዘመን ዘፋኝን የምናውቀው በድምፁና ካሴቱ ሽፋን ላይ ባለች አንዲት ፎቶ ነበር። ቪሲዲ መጣ፣ ከዚያ ዩቲዩብ፣ አሁን ደግሞ ቲክቶክ። ዛሬ ክሊፕ የሌለው ዘፈን እንዳልወጣ ይቆጠራል። የማስታወቂያ ሥራውም፣ የብራንድ አምባሳደርነቱም፣ የኮንሰርት ዋጋውም ክሊፑ በሠራው መልክ ላይ ይመሠረታል።

ይህ መልክ ደግሞ ለወንድና ለሴት እኩል አይሰፋም። ወንዱ ዘፋኝ በአንድ ክሊፕ ውስጥ በጥቁር መነጽር ከቪኤይት ይወርዳል፤ ወዲያው ቁምጣውን ለብሶ ይፎክራል። ማንም «ምነው?» አይለውም። ሁለቱም እሱ ናቸው። ሴቷ ግን መምረጥ አለባት። ባህላዊ ከሠራች ጨዋ ሙሽራ ትሆናለች፤ ዘመናዊ ከሠራች ገላዋ ይቀድማታል። አስተያየት መስጫውን ዝቅ እያላችሁ አንብቡት። እሱን ስለ ድምፁ ያወሩለታል። እሷን ስለ ውፍረቷ፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስላለማግባቷ። አንዲት ጀማሪ ድምፃዊት ያጫወተችኝን አልረሳውም። ክራሯን ይዛ ቁጭ ብላ መዝፈን ነበር ሐሳቧ። ክሊፑን የሚሠራው ልጅ «ይደብራል» አላት። ክራሩ ለአንድ ወንድ ተሰጠ፤ እሷ ቀሚስ እየቀያየረች ስትሽከረከር ተቀረጸች። ዘፈኑ የራሷ ነው። በራሷ ዘፈን ውስጥ እንኳ የምትታይ እንጂ የምትሠራ አልሆነችም።

ሌላ መንገድ እንደነበረና እንዳለ እናውቃለን። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትቀመጥ ዓይናችን የሚሄደው ጣቷና ፊቷ ላይ ነው። እጅጋየሁ ሽባባው የእኛው የቻግኒ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ ስለ ዓባይም ስለ አድዋም ዘፍናለች። ጦርና ወንዝ የወንድ ርዕስ ነው ያላት የለም፤ ቢላትም አልሰማችም። ስሟን ስንሰማ መጀመሪያ የሚመጣብን ድምፅዋ ነው።

ከዘፈን ወጣ ልበልና፣ ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያፈራ አገር ነው። ዓይነ ስውር ሆነው፣ ሴት ሆነው፣ ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት አስቀምጠው ቅኔ ያስተማሩ እናት ናቸው። ቅኔ ማለት ጎጃም ውስጥ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሴት ለወንድ ቃል ያስተማረችበት አገር እንዴት በክሊፕ ሲታይ ሴቷ ቃል የሌላት ትሆናለች? ይሄ ያንገበግበኛል። ወንዱም ቢሆን ተበድሏል። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ያሉበት አገር ወንድ ሽመል ብቻ የያዘ ሆኖ ቀረ። በአኩፋዳ ለምኖ ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪ የት ሄደ?

አንድ ነገር ግን ከመልክና ከውበት አልፎ ያስፈራኛል። በአንዳንድ ክሊፖች ልጁ በፈረስ ይመጣና ከወንዝ ዳር ልጅቷን አፈፍ አድርጎ ይወስዳታል። እየሳቀች። ዜማው ደማቅ ነው፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ይሄ ጠለፋ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ቀድሞ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበር፤ እሱንም ዘግቶታል። ያለዕድሜ ጋብቻ ገና ባልጠፋበት ገጠር የሚኖሩ ልጃገረዶች ጠለፋን እንደ ፍቅር ጨዋታ ሲያዩት ዝም ማለት አልችልም። ክፍሌ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው።

አሁን ከእናንተ ወደምፈልገው ልምጣ። ቅድመ ምርመራ ይደረግ አላልኩም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ከልክሎታል፤ ደግሞም እኔ ራሴ አልፈልገውም። መቀስ የያዘ ቢሮ ቀሚስ ከመለካት አያልፍም። ግን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 መንግሥት ሴቶች ከጎጂ ልማድ ተጽዕኖ የመላቀቅ መብታቸውን እንዲያስከብር፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ ኪነ ጥበብን እንዲያግዝ አዟል። ማገዝ ላይ ነው እናንተን የምፈልጋችሁ።

ቀራጮቹ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ወደ ጮቄ፣ ወደ ገዳማቱ ዙሪያ ሲመጡ የባህል ባለሙያ ይፈልጋሉ። የባህል ቡድን ተወዛዋዦችን ይፈልጋሉ። ልብስ፣ ፈረስ፣ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ከዳይሬክተሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ልጅቷ ምን ትሠራለች? ትናገራለች ወይ? ለአዲስ ዓመት ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር በሚነቅሉበት በእንግጫ ነቀላ ጊዜ ዘፈኑን ራሳቸው ናቸው የሚያወጡትና የሚቀበሉት፤ ለምን በክሊፑ ውስጥ ወንድ ይዘፍንላቸዋል? የምታግዙት ቡድን ውስጥ ያሉ ሴቶች ስማቸው ቪዲዮው ስር እንዲጻፍና ክፍያቸው በውል እንዲሆን ከመጀመሪያው ስምምነት አድርጉ። የጠለፋ ትዕይንት ላለበት ሥራ ግን የመንግሥት የባህል ቡድን መሰጠት የለበትም። እዚህ ላይ ድርድር ባይኖር ደስ ይለኛል።

ሌላው የሴቶቹ ዜማ ነው። የወፍጮ እንጉርጉሮው፣ ሙሾው፣ የሠርግ ቤት ዘፈኑ፣ የእሹሩሩው ግጥም በአብዛኛው በሴቶች አፍ የኖረ ነው። ብዙው ከባለቤቶቹ ጋር እየተቀበረ ነው። በየወረዳው የባህል ባለሙያ አላችሁ፤ እናቶቹን ከነስማቸው ቅረጹልን። ለወጣት ድምፃውያን ክፍት አድርጉላቸው። ዛሬ አንዲት ልጅ የጎጃም ዘፈን ልሥራ ብትል በቀላሉ የምታገኘው የወንድ ፉከራ ነው። ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆናችሁ ደግሞ ለሴት ልጆች የቀረጻና የኤዲቲንግ ሥልጠና ብታዘጋጁ፣ ካሜራውን የምትይዘው ሌላ ሰው ትሆናለች። የክበቤ ሴት ልጆች አሁኑኑ ለመመዝገብ ዝግጁ ናቸው። ስልካቸው ላይ ባለች ነፃ መተግበሪያ የሚሠሩትን ብታዩ ትገረማላችሁ።

ለአዲስ ዓመት ክሊፕ ለመቅረጽ ነሐሴ ላይ ቡድኖች ወደ ዞኑ መምጣታቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት የዞኑን ባለሙያዎች፣ ጥቂት የክሊፕ ዳይሬክተሮችን፣ ድምፃውያትንና ተወዛዋዦችን አንድ ቀን ብትሰበስቡልን እለምናለሁ። አዳራሽ ከጠፋ ትምህርት ቤት ስለማግኘት እኔ እጠይቃለሁ። ክሊፖቹን ድምፃቸውን አጥፍተን አብረን እናያቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የአማርኛ መምህርት
ደብረ ማርቆስ