ለቅዱስ ጽዋው ታፔስትሪ እጃችሁን ዘርጉልን

ያደግኩት ሸማኔ ቤት ነው። እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ሙዚየም ያለውን ትልቁን ታፔስትሪ (ሥዕል ተሸምኖበት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጨርቅ) መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሥዕሉን ትቼ ዓይኔ የሄደው ክሩ ላይ ነው። ድሩን ፈለግኩት። አይታይም፤ ማጉ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል።

ታፔስትሪ ጥልፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ሥዕሉ ራሱ ሽመናው ነው። እንደ ቀሚሳችን ጥለት፣ ባለቀለሙ ማግ የራሱ ቦታ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ይሄኛው ግን ወርዱ 7 ሜትር ገደማ ነው!

ታሪኩ የመካከለኛው ዘመን አፈ ታሪክ ነው። የንጉሥ አርተር ፈረሰኞች ቅዱሱን ጽዋ፣ ክርስቶስ በመጨረሻው እራት የጠጣበት የሚባለውን፣ ፍለጋ ይወጣሉ። እዚህ ታፔስትሪ ላይ ከፈረሰኞቹ አንዱ ጋላሃድ ደርሶ ጽዋው ያለበት ጸሎት ቤት በር ላይ ተንበርክኳል። ጓደኞቹ ቦርስና ፐርሲቫል ራቅ ብለው ቆመዋል፤ መላእክት መንገዱን ይዘውባቸዋል። እግራቸው ሥር ያለው አበባ ብቻውን ግማሽ ቀን ያስቆማል።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በአውስትራሊያ ወርቅ የበለጸገው ዊልያም ኖክስ ዳርሲ፣ ለንደን አጠገብ ላለው ቤቱ የእንግሊዛዊውን ነዳፊ የዊልያም ሞሪስን ድርጅት አዘዘ። ሰዎቹን የነደፈው ኤድዋርድ በርን ጆንስ የበርሚንግሃም ልጅ ነው። አበባና ቅጠሉ የጆን ሄንሪ ዲርል ነው። የድርጅቱ መሥሪያ ቦታ የመርተን አቢ ሸማኔዎች በጀርባው በኩል ተቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ ፊቱን የሚያዩት በመስታወት ነው። የበርሚንግሃሙ በ1895 እና 1896 በዚያው ንድፍ እንደገና የተሸመነ ሌላ ቅጂ ነው።

ሱፍና ሐር ግን ያረጃሉ። ሐሩን ብርሃን ያደርቀዋል፣ ከዚያ ይበጣጠሳል። የድሮ አረንጓዴ በሰማያዊ ላይ ቢጫ ተደርቦ የሚነከር ነው። ቢጫው ቀድሞ ይለቃል፤ ስለዚህ በብዙ አሮጌ ታፔስትሪዎች ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አንዴ የለቀቀ ቀለም አይመለስም። ብል ደግሞ አለ። የብል እጭ ሱፍ ነው ምግቡ። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ሥራ ለአጭር ጊዜ፣ በደብዛዛ ብርሃን ብቻ የሚታየው።

እንክብካቤው የእጅ ሥራ ነው። አቧራው ቀስ ብሎ በሚስብ መጥረጊያ፣ በስስ መረብ ላይ ይነሳል። የላላው ቦታ ከጀርባው የተልባ እግር ጨርቅ ተደርጎለት በቀጭን ክር ይሰፋል። አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ባለሙያን ስንት ሰዓት እንደምትፈጅ የሸማኔ ልጅ ይገባዋል። ይህ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። የከተማችን ምክር ቤት ደግሞ በ2023 ገንዘብ አጥሮት የግድ ያልሆነ አዲስ ወጪ ሁሉ እንዲቆም አድርጎ ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ የምንኖር ጥቂት አማርኛ ተናጋሪዎች ለሙዚየሙ የጨርቃ ጨርቅ ቅርሶች እንክብካቤ ለማዋጣት ተነስተናል። ልጆቻችን እዚያ ቤት በነጻ ነው የሚገቡት። በወር 5 ፓውንድ ይበቃናል፤ የቻለ ይጨምር። ብሩ በእኛ እጅ አያልፍም። በቀጥታ ለሙዚየሙ በጎ አድራጎት ድርጅት ስጡ፤ «ለጨርቃ ጨርቅ ጥበቃ» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ። ገንዘብ ያጠረው ወንድምና እህት ደግሞ ጥሪውን ለሌላ ያድርስልን። ታፔስትሪው ለዕይታ በወጣ ቀን ተሰባስበን እንሄዳለን። ለሕጻናቱ በአማርኛ የማስረዳው እኔ ነኝ።