እንሶስላውን ብቻሽን እንዳትሞቂ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ታላቅ እህትሽ ትናንት ደውላ፣ ለሠርግሽ እንሶስላውን ትተሽ በውበት ሳሎን ጥቁር ሂና ልትቀቢ ቀጠሮ መያዝሽን፣ ሥራውም በግማሽ ሰዓት እንደሚያልቅ አጫወተችኝ። ደስታሽን ማደፍረስ አልሻም፤ ነገር ግን ያን ጥቁር ሂና እጅሽን እንዳታስነኪው።

ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀለም ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ ነው። እንዲጠቁር ብዙ ጊዜ የሚጨመርበት ፓራፌኒሊንዲያሚን የተባለው የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ሲሆን፣ እርሱም ከቀናት በኋላ ቆዳን ውኃ ሊያስቋጥርና ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ያስቆጣው ሰውነትም ከዚያ ወዲያ የጸጉር ቀለም በነካው ቁጥር ሊቆጣ ይችላል። በጤና ጣቢያ ስሠራ እጃቸው ያበጠ ሙሽሮች አይቻለሁና እንዳታስነኪው።

የአያትሽን የአንገት ንቅሳት ታስታውሺዋለሽ። መንዝ ውስጥ ገና ልጅ ሳለች፣ ነቃሿ ከምጣድ ሥር የፋቀችውን ጥላሸት በጥብጣ በእሾህ ስትወጋጋት፣ ታላቅ እህቷ ራሷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ግንባሯን በቀስታ ትዳብሳት ነበር። በእርጅናዋ ስለ ሕመሙ ስንጠይቃት እሾሁን በአንድ ቃል አልፋ፣ ቅቤ ቅቤ ስለሚሸተው ስለ እህቷ እጅ ታወራን ነበር። ንቅሳቱን እያወደስሁልሽ አይደለም፤ ከአንዷ አንገት ወደ ሌላዋ የሚዞር እሾህ የጉበት በሽታ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላልና፣ እኔን ለማስነቀስ አያትሽ ነቃሽ ስትጠራ አሻፈረኝ ያለውን አባቴን ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ስለ እህቷ እጅ ግን አያትሽ እውነቷን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ 16 ባለትዳር ሴቶች የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል እየተነገራቸው አንጎላቸው ሲታይ፣ የባላቸውን እጅ በያዙ ጊዜ ለሥጋት የሚነሣው የአንጎል ሥራ ረገብ ብሎ ተገኝቷል፤ የማያውቁት ሰው እጅም ጥቂት ረድቷል፣ የባልን ያህል ግን አይደለም። ጸጉር ባለው ቆዳችን ውስጥ፣ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ዝግታ ሲዳበሱ ይበልጥ የሚነቁ የነርቭ ክሮችም አሉ፤ ይህም አክስቶችሽ የእጅሽን ጀርባና ክንድሽን እያሹ ሲያጫውቱሽ ከሚያደርጉት ዳበሳ ጋር ይቀራረባል። የተወቀጠው የእንሶስላ ሥር እጅና እግርሽ ላይ ተደርጎ በጨርቅ ከተጠቀለለ በኋላ ውኃ የሚያጠጣሽ፣ የሚያጎርስሽ፣ አፍንጫሽን ሲበላሽ እንኳ የሚያክልሽ ሌላ ሰው ነው። ሳሎኑ ይህን ከየት ያመጣልሻል?

እኔ በዘመነ ደርግ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርሜ ስዳር እንሶስላ አልሞቅሁም፤ ይህን አባትሽ ፊት አላነሣውም፣ አንቺም እንዳታነሺበት።

ሥሩን ከጓሮ አስቆፍሬ ሐሙስ ከመሃል ሜዳ በሚነሣው መኪና እልካለሁና ላምበረት መናኸሪያ ራስሽ ተቀበዪ። ሳይደርቅ እርጥብ እንዳለ ይወቀጥ፤ አስቀድመሽ ክንድሽ ላይ ጥቂት ሞክሪው፤ ቀለበትሽን አውልቀሽ ለእህትሽ ስጪ። የሳሎኑን ቀጠሮ ዛሬውኑ ሰርዢ፤ ቀብድ ከፍለሽ ከሆነም ይቅር፣ እኔ እተካልሻለሁ።

እናትሽ