ስልክሽን ልስጣቸው?

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጦሳ ብርድ ጀምሯል፤ እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር። ስደውል ግን ወይ የሆስፒታል ተረኛ ሆነሽ ዱቲ ላይ ነሽ፣ ወይ ከዱቲ ወጥተሽ ተኝተሻል፣ ወይ «አባዬ ታማሚ ልናይ ራውንድ ልንገባ ነው» ትይኛለሽ። መጻፍ ይሻላል አልኩ። ጊዜ ስታገኚ ታነቢዋለሽ።

ባለፈው የሚካኤል ማኅበር ተራው የአክስትሽ ነበር። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ «ወንድሜ፣ ልጃችን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ልትሆን ነው አይደል? ራሷ ነች የነገረችኝ» አለችኝ። ተሰብሳቢው ሁሉ መረቀሽ። እናትሽ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ «አሜን» ብዬ ዝም አልኩ።

አልተቆጣሁሽም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለምን እንዲያ እንዳልሻት ይገባኛል። የስፔሻሊቲ ምደባው፣ ማች የወጣ ቀን ቀዶ ሕክምና የደረሰውን ጓደኛሽን «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉት አንቺን «አይዞሽ፣ በኋላ ትቀይሪዋለሽ» እንዳሉሽ አጫውተሽኛል። አንቺ እኮ ሳይካትሪን፣ የአእምሮ ሕክምናን፣ አንደኛ ምርጫሽ አድርገሽ ነው የሞላሽው። «አማኑኤል» የሚለው ቅዱስ ስም የአእምሮ ሆስፒታሉ መጠሪያ ስለሆነ በአዲስ አበባ ስድብ ሆኖ ሲወረወር ስንት ጊዜ ሰምተሻል። እዚህም ቢሆን የአእምሮ ሐኪም ነኝ ስትዪ ሰው ፊቱ ይለወጣል፤ «ከእነሱ ጋር ስትውዪ አይጋባብሽም?» የሚልም አለ። ድካም ላይ ያለ ሰው ይህን ሁሉ በየድግሱ ከማስረዳት «ውስጥ ደዌ» ብሎ ማለፍ ይቀለዋል።

እኔም ያንኑ አድርጌያለሁ፤ ያውም ለዓመታት። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርስነት የተማርኩት በ1981 ነው። ሥልጠናው ከተጀመረ ገና ብዙም አልሆነውም ነበር። ሐሳቡ ሐኪም ወደማይደርስባቸው የክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ሁለት ሁለት ነርስ መላክ ነበር፤ ምክንያቱም የሚላክ ሐኪም የለም። አንድ ሰው ሳይካትሪስት ልሁን ካለ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ አልተመለሱም። በ1995 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሥልጠናውን፣ ሬዚደንሲውን፣ ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሰልጣኞች ሰባት ሲሆኑ፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ አንድ አንድ ወር ከአገር ውስጥ መምህራን ጋር ያስተምሯቸው ነበር። አንቺ ያን ዓመት አንደኛ ክፍል ነበርሽ። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሻይ ተጋበዝን፤ እንዲያ ነበር ደስታችን።

እናትሽን ላገባ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ቤተሰቦቿ ሥራዬን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ «ነርስ ነው» አሉ፤ የምን ነርስ ብሎ የጠየቀ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ለሰፈሩም ነርስ ብቻ ሆንኩ። ቁስል ሳጥብ፣ የሕፃን ትኩሳት ስለካ ኖርኩ። የቀኑ ሥራዬ ግን ሆስፒታሉ ጥግ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። እዚያ የምሠራውን እዚያው ትቼ ነበር የምወጣው።

የቆሎዋን እማማ ታስታውሻለሽ? አጥር የምንጋራቸው። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ኪስሽን በቆሎ የሚሞሉልሽ። ትልቁ ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ነበር የታመመው። ሌሊት ብቻውን ያወራል፤ ሰፈሩ ሊገድለኝ ነው ብሎ ምግብ አልቀበልም አለ። እሳቸው ለጎረቤት «ለሥራ ጎንደር ሄዷል» አሉ። ልጁ የሄደበት አገር ጓዳ ነበር። አጥሩ ወዲህ ማዶ እኔ የምን ነርስ እንደሆንኩ ደብቄያለሁ፤ ወዲያ ማዶ እሳቸው ልጃቸውን ደብቀዋል። አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ቡና እንጠራራለን፣ እድር አብረን እንቀመጣለን።

በ1994 አንድ ማክሰኞ ተመላላሽ ክፍል ቁጭ ብዬ «ቀጣይ» ስል በሩ ተከፈተ። ሁለት ወንዶች እጁን በገመድ የታሰረ፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ሰው ይዘው ገቡ። ከኋላቸው እማማ። ነጭ ጋዋኔን አዩ፣ ጠረጴዛዬን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አዩ። «አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። «እዚህ ነው የምትሠራው?» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። የገመዱን ቋጠሮ የፈታሁት እኔ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጁ አየኝና «የጎረቤታችን ሬዲዮ» አለኝ። ለካ ማታ ማታ ዜና ስከፍት በግድግዳው በኩል ይሰማው ኖሯል።

በሳምንታት ውስጥ ተሻለው። በወሩ መርፌ፣ በፍሉፌናዚን፣ ለዓመታት ቆየ። ዛሬ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣበታል፣ እሱም ለይቶ ያውቀዋል። አምስቱን ዓመት ግን ማንም አልመለሰለትም። እማማ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሥራዬን በስሙ ነው የምጠራው።

ስለዚያ የዱቲ ሌሊት ደግሞ ጥቂት ልበል፤ በስልክ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ያ ልጅ ትከሻሽን የመታሽ አንቺን ጠልቶ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ፖሊስ አስሮ ያመጣው፣ ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ነው። ማወቅሽ ግን ሕመሙን አይቀንሰውም። አልፈራሁም ብለሽ ለሲኒየርሽ አታስመስዪ። ደግሞ እነዚህን ከእኔ ውሰጃቸው፦ በሩ ሁልጊዜ በአንቺ በኩል ይሁን፤ እሱም መውጫ እንዳጣ አይሰማው። ሻርፕና ስቴቶስኮፕ አንገትሽ ላይ አይንጠልጠል። ጥበቃዎቹንና ነርሶቹን ዱቲ ስትገቢ በስማቸው ጥሪያቸው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትጮኺው እነሱን ነው። ከመርፌው በፊት፣ የቱንም ያህል ቢረበሽ፣ ስምሽንና ልታደርጊለት ያሰብሽውን ንገሪው። የሚሰማሽ አይመስልሽም። ከዳነ በኋላ ግን ብዙዎቹ ያንን ያስታውሳሉ፤ እኔን ከዓመት በኋላ ገበያ መሐል አቁመው «ያኔ ቀስ ብለህ ነገርከኝ» ያሉኝ አሉ።

ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የተወጋው ወጣት አንገቱ ሲጣመምና ምላሱ ሲወጣ እናቱ «ልጄን ገደላችሁት» ብላ የጮኸችውንም አሰብኳት። አንቺ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን ወዲያው አውቀሽ መፍቻውን መርፌ ሰጠሽው፣ በደቂቃዎች ተፈታ። ጎበዝ። እናቲቱ ግን ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ የነገራት አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ቤተሰብ መድኃኒቱን ቤት ሲገባ ይጥለዋል፤ ስንቱን ከዚህ የተነሳ አጥቼዋለሁ። አስታማሚን ሁለት ደቂቃ ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። ተመላላሽ ላይ የካርዱ ክምር ጠረጴዛውን ሲሞላ ሁለት ደቂቃ ከየት እንደምትመጣ እኔም አውቃለሁ። ከሌላ ነገር ቁረጪ፤ ከዚህ ላይ ግን አትቁረጪ።

ሌላው ቋንቋው ነው። መጽሐፉ «ሐዘን ይሰማሃል ወይ» ብለሽ ጠይቂ ይላል። የእኛ ሰው ድባቴ ይዞት ሲመጣ እንዲህ አይልም። «ውስጤን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይከብደኛል»፣ «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «እህል አልቀመስ አለኝ» ይላል። ሐኪሙ ለጨጓራው መድኃኒት ይጽፍለታል፣ ለልቡ ምርመራ ያዝለታል፣ ሰውየው በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። አንቺ ቃጠሎው መቼ እንደጀመረ ጠይቂ፤ ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ምን ሆኖ እንደነበር ጠይቂ። ወሬው ራሱ ይወጣል። አማርኛ የማይችል ሲመጣ ደግሞ ሁሉን በዘመዱ አፍ ብቻ አትስሚ። ሚስት የታመመችው በባሏ ምክንያት ከሆነ ባሏ አይተረጉምልሽም።

ስለ ጸበል «ሲኒየራችን ይቆጣል» ብለሽኝ ነበር። እኔ በሥራ ዘመኔ ከጸበልተኞችም ለዱዓ ሼኽ ዘንድ ከሚሄዱትም ጋር ተጣልቼ አላውቅም፤ የወሎ ሰው ሆኜ እንዴት እጣላለሁ? ግሸን ለመስከረም 21 የሚወጣ ታማሚ ስንት ነው። «ሂድ፣ ክኒኑን ግን በኪስህ ይዘህ ሂድ» ነበር የምለው። አንድ አጥማቂ አባት ዘንድ ራሴ ሄጄ ለምኛቸዋለሁ፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲያ «መድኃኒቱንም እግዚአብሔር ነው የፈጠረው፣ ዋጡ» እያሉ ያሰናብቱልኝ ነበር። መጀመሪያ መቆጣት የሰውን ጆሮ ይዘጋዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ከአምባሰል በእግሩ የሚመጣ ገበሬ ነበር። በጣም ተሽሎት ሳለ ድንገት መድኃኒቱን አቋረጠ። ለምን ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። «ክኒኑን ስውጥ ረሃቡ አያስቆመኝም፤ የልጆቼን ድርሻ እየበላሁ ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒት ስሰጥ «ቤት እህል አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስደውን ደግሞ «ፀሐይ ላይ ትውላለህ?» እለዋለሁ፤ ቆዳውን ያቃጥለዋልና። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ ሞርኒንግ ላይ፣ የታማሚ ኬዝ ስታቀርቢ ማንም አይጠይቅሽም። አንቺ ጠይቂያቸው።

ታማሚ የሞተብሽ ቀን፣ ይህ በዚህ ሥራ የማይቀር ነው፣ ለብቻሽ ቤትሽ አትግቢ። እኔ የመጀመሪያዋን ያጣሁ ጊዜ ለማንም ሳልናገር ሦስት ወር ካርዷን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። የት ላይ ነው ያላየሁት እያልኩ ማታ ማታ አነበው ነበር። የምነግረው ሰው አልነበረም፤ ቤቴ ሥራዬን አያውቅም። አንቺ ቤትሽ ያውቃል። በማንኛውም ሰዓት ደውዪ፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ የሌሊት እንቅልፌም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልመለስ፤ ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ጠበሉ ተጠጥቶ ሰው ሲበተን አንዲት እናት ደጅ ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ልጃቸው ከወለደች ሁለት ወር ሆኗታል። አትተኛም፣ ሕፃኑን አቅፋ አታጠባም፣ «እኔ እናት አይደለሁም፣ ለሌላ ሰው ስጡት» ትላለች። ቤተሰቡ አራስ ስለሆነች ነው፣ ያልፋል ብሎ ትቷታል። የእኔን ሥራ ስለሚያውቁ በቀስታ ነው የነገሩኝ። በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ፤ ከአሮጌ ወንድ ጋር አላወራም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሆስፒታል ወስደን አሳይተናታል፣ ሕክምና ጀምራለች፣ ብቻዋን እንዳትሆን እናቷ አጠገቧ ያድራሉ። የሚረብሻትን ግን ለማንም አልተናገረችም። እናቲቱ ሲሸኙኝ በር ላይ ቆመው ያሉኝ ይህ ነው፦ «ምነው ያንተዋ ልጅ ያንተን ሥራ ይዛ በሆነ ኖሮ። ሴት ናት፣ የዕድሜዋ እኩያ ናት፣ ለእሷ ትናገር ነበር።»

ምን ልመልስ? የአንቺን ነገር አንቺ ሳትፈቅጂ አልናገርም ብዬ ዝም አልኩ።

ሕክምናዋን እዚህ ያሉት እየተከታተሉት ነው፤ ያንን ተይው። አንቺ ሐሙስ ከዱቲ ወጥተሽ እንቅልፍሽን ከጠገብሽ በኋላ አንድ ግማሽ ሰዓት በስልክ ብታወሪያት ይበቃል። ስልክሽን ልስጣቸው? እሺ ካልሽ ማን እንደሆንሽና ምን እንደምትማሪ አብሬ ነው የምነግራቸው፤ ወሬው አክስትሽ ዘንድ በማግስቱ ይደርሳል። አልፈልግም ካልሽም ከእኔ ጋር እንደ ወትሯችን ነን።

እናትሽ በሶና አንድ ጣሳ ቅቤ በቅዳሜው አውቶቡስ ልካልሻለች። በሶውን ዱቲ ከመግባትሽ በፊት በጥብጠሽ ጠጪ።

አባትሽ