ቅዳሜ የምንሰማው ሰውዬ

ጤና ይስጥልኝ፣ የማርቆስ አድማጮች!

ባለፈው ቡና ላይ «ከጠጅ ቤት ውጭ የሚኖር አዝማሪ አለ ወይ?» ተባብለን ነበር። አንድ አግኝቻለሁ፤ አሜሪካዊ ነው። ሉዊስ ሃርዲን ይባላል፤ ለራሱ ያወጣው ስም ሙንዶግ ነው። በ1916 ካንሳስ ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በ16 ዓመቱ የዲናሚት ማፈንጃ ፈንድቶበት ዓይኑን አጣ። ኋላ ኒው ዮርክ፣ ስድስተኛው ጎዳና ላይ፣ ባለ ቀንድ የራስ ቁር ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ፣ ጦር ይዞ ለዓመታት ቆመ። መንገደኛው እብድ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እሱ ግን ለኦርኬስትራ የሚሆን ድርሰት በብሬል ይጽፍ ነበር። ዓይነ ሥውር የቅኔ መምህራንን ለምናውቅ ለእኛ ለጎጃሞች ይኼ ብዙም ላይገርመን ይችላል።

እኔን የያዘኝ ምቱ ነው። በአምስትና በሰባት ይቆጥራል፤ እስክስታ ልሞክርበት ብዬ ትከሻዬ መሀል ላይ ቀረ! ትሪምባ የሚባለውን ባለ ሦስት ማዕዘን የምት መሣሪያም የፈጠረው ራሱ ነው። በ1974 ጀርመን ገባ፤ በ1999 እዚያው ሙንስተር ላይ አረፈ።

ቅዳሜ በ1969 የወጣውን አልበሙን በስልኬ ይዤ እመጣለሁ። ደህና ድምፅ ማጉያ ያላችሁ አምጡ፤ የባለፈዋስ እንደ ታፈነ ንብ ነበረች።