መዝገቡ ተከፍቷል፣ አንባቢ እናስተምርለት

ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የመጣሁት ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ከምሄድ ከመጀመሪያው ልናገረው ብዬ ነው። የምለምነው የቤተሰባቸውን ታሪክ መፈለግ ጀምረው፣ የሚያስተምራቸው አጥተው መሃል መንገድ ላይ ለቆሙ ሰዎች ነው።

ባለፈው ዓመት ለጋራ የትምህርት ፈንዳችን ካመለከቱት አንዷ የማታ ተረኛ ነርስ ናት። አልጋዋ ሥር አንድ ሻንጣ አለ። ውስጡ ከቅድመ አያቷ የወረደ ደብዳቤ ነው፤ በክር የታሰረ፣ ጠርዙ የተበላ። የአንዱን ገጽ ፎቶ ልካልን ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀት ለመቆጠብ መጀመሪያ አግድም ጽፋ ጨርሳለች፤ ከዚያ ወረቀቱን አዙራ በዚያው ጽሑፍ ላይ እንደገና ከላይ ወደ ታች ጽፋበታለች። በአንድ ወቅት ይህ የተለመደ ነበር፤ ወረቀቱም የፖስታ ክፍያውም ውድ ስለነበር። ሲያዩት የተጠላለፈ መረብ ይመስላል። የዘመዶቿ ስም፣ ማን የት እንደሄደ፣ ማን መቼ እንደሞተ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ማንበብ ግን አልቻለችም። ማመልከቻዋ ላይ «እጄ ላይ ናቸው፣ ግን አላውቃቸውም» ብላ ነበር የጻፈችው።

ገንዘቡ አልበቃንም። ሳንቀበላት ቀረን። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። በዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ ትልቁ ራስ ምታት ሰነዱን ማግኘት ነበር። አሁን ብዙ ቀሏል። ፋሚሊሰርች የሚባለው ድርጅት ከ1938 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዷቸው) የብዙ አገሮችን የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞትና የኑዛዜ መዝገብ በማይክሮፊልም ሲያነሳ ኖሯል። 2.4 ሚሊዮን ያህል ጥቅል ፊልም ወደ ዲጂታል ገልብጦ የጨረሰው በ2021 ነው። መመዝገቢያ አያስከፍልም። አንዳንዱ ገጽ ከባለመዝገቦቹ ጋር ባለው ውል ምክንያት ከቤት ሆኖ ባይከፈትም፣ ድሮ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚታየውን ብዙ ነገር ዛሬ ሰው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያየዋል።

ግን ማየትና ማንበብ እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ። አንድ የታወቀ ወጥመድ ላሳያችሁ። አንድ የድሮ የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ባልና ሚስት ኤፕሪል 1720 ተጋቡ ይላል እንበል። ገጽ ገልጠን ስንሄድ የመጀመሪያ ልጃቸው ፌብሩዋሪ 1720 ተጠመቀ ይላል። ጀማሪ ሰው ምን ያደርጋል? ወይ ልጁ ከጋብቻ በፊት ተወለደ ብሎ ይጽፋል፣ ወይ እነዚህ ሌላ ቤተሰብ ናቸው ብሎ ይተዋቸዋል። ሁለቱም ስህተት ነው። በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ የዓመቱ ቁጥር የሚለወጠው ማርች 25 ላይ ነበር። ስለዚህ የ1720 ፌብሩዋሪ የሚመጣው ከ1720 ኤፕሪል በኋላ ነው። በዛሬ አቆጣጠር ልጁ የተጠመቀው በ1721 ነው፤ ከሠርጉ አሥር ወር ቆይቶ። ይህችን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው የአንዲትን እናት ስም ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ከሐሜት ያድናል።

እኔን ያሰናከለኝ ደግሞ ሌላ ነው። በድሮ ሰነዶች አንድ ዓይነት ስም ባላቸው ሁለት ሰዎች ላይ «ትልቁ» እና «ትንሹ» የሚል ይጨመር ነበር። አባትና ልጅ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ለካ አንድ መንደር ውስጥ የሚኖሩ፣ በዕድሜ የሚበላለጡ፣ ምንም የማይዛመዱ ሰዎችን ለመለየትም እንደዚያ ይጻፍ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አያት ቅድመ አያት ስቆጥር ኖርኩ። ለዘመዶቼም አከፋፍዬው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዳቸው እየደወልኩ «ያ የላክሁላችሁ ስህተት ነው» ማለት በጣም ከብዶኝ ነበር።

ከዚያ ያወጣኝ የአንድ ሳምንት ኮርስ ነው። በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ ሁለት ኑዛዜዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ የሚስቶቹን ስም፣ የምስክሮቹን ስም፣ የመሬቱን ወሰን መስመር በመስመር እንድናነጻጽር አደረገችን። እርሳሴን ይዤ ቀጥ አልኩ። የኔ አባትና ልጅ ሁለት የማይተዋወቁ ቤቶች መሆናቸው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ያንን ኮርስ የከፈለልኝ ዓይኔን አይቶኝ የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ይህን ጥሪ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ነጻ ትምህርት ሞልቶ የለም ወይ የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አለ። ሩትስቴክ የሚባለው ትልቁ ጉባኤ ከ2021 ጀምሮ ብዙ ንግግሮቹን በኢንተርኔት በነጻ ይለቃል፤ ያላያችሁ እዩት። ነገር ግን ንግግር ሰምቶ መነሳት አንድ ነገር ነው፤ የሠራችሁትን ተቀብሎ «ይህን ከየት አመጣኸው? ይህኛው ሰነድ የሚቃረነውን ለምን ዘለልከው?» የሚል አስተማሪ ማግኘት ሌላ ነው። በሙያው የታወቀ መለኪያ አለ። በተቻለ መጠን ሁሉንም ምንጭ ማሰስ፣ እያንዳንዱን ቃል ከየት እንዳመጡት መጻፍ፣ ማስረጃዎቹን ማመሳከር፣ የሚጋጨውን ማስታረቅ፣ በመጨረሻም ድምዳሜውን በጽሑፍ ማስረዳት። ሲነገር ቀላል ነው። ሥራችሁን እያየ የሚያርም ሰው ከሌለ ግን አይለመድም። ዋጋ የሚያስወጣውም ይኸው እርማቱ ነው።

ይህን የሚያስተምሩ ጥሩ ጥሩ ቦታዎች አሉ። በአሜሪካ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኮርስ ሲሰጥ የቆየ የዘር ሐረግና የታሪክ ጥናት ተቋም አለ፤ ከ1996 ጀምሮ የሶልት ሌክ፣ ከ2012 ጀምሮ የፒትስበርግ ተቋማት ተከትለዋል። በስኮትላንድ የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአውስትራሊያ የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ያስተምራሉ። የነጻ ትምህርት ዕድልም አይጠፋም። ለምሳሌ በ1940 የተመሠረተው የአሜሪካ የዘር ሐረግ ተመራማሪዎች ማኅበር ሥራ አወዳድሮ የኮርስ ወጪ ይሸፍናል። ትልቅ ነገር ነው፣ እናከብረዋለን። ግን የሚያሸንፈው ቀድሞውኑ ጥሩ ጽሑፍ ያለው ሰው ነው። ያን ጽሑፍ ለመጻፍ ገና ያልተማረው የት ይሂድ? እኛ የምንፈልገው እሱን ነው።

በተለይ አንድ ወገን አለ፣ ሳስበው ልቤ የሚነካ። በአሜሪካ በባርነት የኖሩ ሰዎች ዘሮች። በ1850 እና በ1860 ቆጠራ ለባሪያዎች የተለየ ቅጽ ነበር፤ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፣ ከሥሩ የሰዎቹ ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይደረደራል። ስማቸው ከጥቂት ቦታ በቀር የለም። «ሴት፣ 30። ወንድ፣ 4።» በቃ። ከነጻነት በኋላ ሁሉም በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ስለዚህ ብዙው ተመራማሪ ወደ ኋላ ሲሄድ ሲሄድ 1870 ላይ ግድግዳ ይገጥመዋል።

የተማረ ሰው ግን ግድግዳው ቀዳዳ እንዳለው ያውቃል። ከ1865 እስከ 1874 ይሠራ የነበረ፣ ነጻ ለወጡት ሰዎች የተቋቋመ የቁጠባ ባንክ ነበር። ባንኩ ራሱ ወድቆ የብዙ ድሆችን ገንዘብ ይዞ ቀርቷል። የደንበኞቹ መመዝገቢያ ቅጽ ግን ተርፏል። ቅጹ የአባትና የእናት ስም፣ የወንድምና የእህት፣ የልጆች ስም ይጠይቅ ነበር፤ አንዳንዴም የቀድሞው ጌታ ስም ተጽፎ ይገኛል። የጌታው ስም ከተገኘ ኑዛዜውና የሟች ንብረት ዝርዝሩ ይፈለጋል። ያ ዝርዝር ሰዎቹን ከከብትና ከማረሻ ጋር ይቆጥራቸዋል፤ ግን በስማቸው። እዚያ መካከል ቅድመ አያትን ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መንገዱን ካላሳዩት ማንም በራሱ አይደርስበትም። ከ2013 ጀምሮ ይህንኑ ለይቶ የሚያስተምር የአፍሪካ አሜሪካውያን የዘር ሐረግ ተቋም አለ። ወደዚያ ልንልካቸው የምንፈልጋቸው ሰዎች አሉን።

እንግዲህ ገንዘባችሁ ምን ላይ ይውላል? የኮርሱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ እንከፍላለን፤ በተማሪው እጅ አንሰጥም። ከዚያ ቀጥሎ የሰነድ ግልባጭ፣ የኢንተርኔት ክፍያ፣ አንዳንዴ መጻሕፍት። የጉዞ ወጪ የምንሸፍነው ሰነዱ ከቤተ መዛግብቱ ውጭ የትም የማይገኝ ሲሆን ብቻ ነው። አመልካቾችን የሚመርጡት ሦስት ሰዎች ስማቸውን ሳያዩ ነው። የሚያዩት ጥያቄውን ነው፦ ምን ማወቅ ትፈልጋለህ፣ እስካሁን ምን ሞከርክ? ዲግሪ አንጠይቅም። ገቢና ወጪው በየሩብ ዓመቱ ለለገሰ ሁሉ ይላካል፤ በአንድ ሰው ብቻ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ የለንም፤ ሦስት ፊርማ ነው።

የተረዳው ሰውም አንድ ነገር ይመልሳል። ወይ አንድ መዝገብ ገልብጦ ሌሎች በስም እንዲፈልጉበት ያዘጋጃል፣ ወይ ከኋላው የመጣ ጀማሪን እጁን ይዞ ያስጀምራል። እስካሁን የከበደው የለም። እንዲያውም ከታዘዙት በላይ የሚሠሩ ናቸው የበዙት።

ገንዘብ የሌለው ሰው ይህን አንብቦ አንገቱን እንዳይደፋ። የድሮ የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ የምትችሉ፣ ላቲን የምታውቁ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት የምትሰጡ እጅግ ታስፈልጉናላችሁ። የማትጠቀሙበት፣ ግን የሚሠራ ላፕቶፕ ያላችሁም እንዲሁ። ገንዘብ የምትሰጡ ደግሞ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት፤ በየወሩ የምትመጣ ትንሽ መዋጮ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ስጦታ ይልቅ ለዕቅድ ትመቸናለች፣ ምክንያቱም ለተማሪው «እስከ መጨረሻው እንከፍልልሃለን» ብለን ቃል መግባት የምንችለው በእሷ ነው።

የሂሳብ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። የዚህ ዙር ምርጫ የሚጠናቀቀው በወሩ መጨረሻ ነው። ነርሷ ዘንድሮም አመልክታለች። የጠየቀችው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ንባብ ኮርስ ነው፤ ስምንት ሳምንት፣ ማታ ሥራ በማትገባባቸው ቀናት። በዚህኛው ማመልከቻ ከሻንጣው ሌላ ገጽ ፎቶ ልካለች፤ ጥግ ላይ አንድ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ከባለች። አንድ ዓመት ሙሉ ታግላ በራሷ ያነበበችው የመጀመሪያው ቃል ነው። የእናቷ ስም ነው።