የእማዬን ተረከዝ እይልኝ

ታኅሣሥ 11 ቀን
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ እህቴ ቤቲ፣

እንዴት ነሽልኝ? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል እንጂ ሌላ የሚወራ የለም። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ተቆጣሽኝ ነገር ልግባ።

የላክሽውን ድምፅ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ቤት ገብቼ ደግሜ ሰማሁት። «አንቺ እዚያ የሰው እናት እያጠብሽ የኛን እናት ለቅጥረኛ እንስጥ ትያለሽ» ያልሽው ላይ ስደርስ አጠፋሁት። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። የምመልስልሽ ቃል አጥቼ ነው። ሁለት ሺፍት እየደረብኩም ነበር፣ ወገቤንም ትንሽ አሞኝ ነበር። አሁን ተሽሎኛል፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

እውነትሽን ነው ቤቲ። የሰው እናት አጥባለሁ። ይኸው ስድስት ዓመቴ። ግን ይህን ሥራ ስለማውቀው ነው፣ እማዬን ስትሮክ ከመታት ወዲህ፣ ቤት ድረስ ተንከባካቢ የሚልክ ኤጀንሲ እንያዝ ያልኩሽ፤ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ከዚያ አንቺው ፍረጂ።

መጀመሪያ የገንዘቡን ልጨርስ። ትናንት 450 ዶላር በባንክ ልኬያለሁ። 300ው የኤጀንሲው የጥር ክፍያ ነው፣ ቀሪው ለዳይፐርና ለመድኃኒት። የምንዛሪው ነገር በ2016 ሐምሌ ከተለወጠ ወዲህ ሲመነዘር ብዙ ብር ይመስላል፤ ዳይፐሩም የግፊት መድኃኒቱም አብሮ እንደወጣ አውቃለሁ። «ገንዘብሽን ተይው» ብለሽኛል። አልተወውም። ከዚህ ሆኜ የማደርግላት ሌላ ምን አለኝ? ወረቀቴ አላለቀም። ኢንተርቪው ገና እየጠበቅሁ ነው። አሁን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ ይህንን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።

እዚህ አገር ሰው ሲያረጅ መንግሥት የሚጦረው ይመስልሻል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ሜዲኬር የሚባል ከ65 ዓመት በላይ ላሉት መድን አለ፤ ነርስ ቤት ድረስ ይልካል። ግን ሐኪም ማዘዝ አለበት፣ በሽተኛውም ከቤት መውጣት የሚከብደው መሆን አለበት። ነርሷ ቁስል አይታ፣ ግፊት ለክታ ትሄዳለች። ትእዛዙም በየ60 ቀኑ እንደገና ይታያል። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ሆኖ ለሚያበላ፣ ለሚያጥብ፣ ለሚያገላብጥ ሰው ግን ሜዲኬር አይከፍልም። ድሃ ለሆነ ሜዲኬይድ የሚባለው አለ። በመካከል ያለው ቤተሰብ ከኪሱ ነው።

እኔ የምንከባከባቸው እናት 91 ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ካሊፎርኒያ ናት፣ የምትከፍለውም እሷ ናት። በየማታው ትደውልልኛለች። በሉ ወይ? ተኙ ወይ? እኔን ጠየቁ ወይ? እኔ አንቺን የምጠይቅሽን ነው የምትጠይቀኝ። አንዳንዴ ስልኩን ዘግቼ ኩሽናቸው ውስጥ አለቅሳለሁ። እናታቸውን የጣሉ ልጆች አሉ፣ አይቻለሁ። እሷ ግን አልጣለችም። እኔም አልጣልኩም ቤቲ።

አሁን ስለ ኤጀንሲው። በሁለት ሳምንት ሦስት ልጅ ተቀያየረ አልሽ። ነርሷ በሳምንት ሦስቴ ትመጣለች ተብሎ አንዴ መጣች አልሽ። ሁለተኛዋ ልጅ እማዬን አስተኝታ አበላቻትና ትን አላት አልሽ። ይህን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው እንደ ድሮው አይታዘዝም። ምግቡ በአየር ቧንቧ ከገባ ሳንባ ይመታል። ስለዚህ ቀጥ ብላ ሳትቀመጥ አንድ ማንኪያ እንዳይገባላት። አገጯን ትንሽ ወደ ደረቷ ዝቅ ታድርግ። የተመታው ግራ ጎኗ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ፣ በቀኝ በኩል፣ ሌላ ከመጨመርሽ በፊት መዋጧን እይ። በግራ ጉንጯ ውስጥ የቀረ ካለ አውጪላት፣ እሷ አይታወቃትም። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንዳትተኛ። ውኃ ከአጥሚት ይልቅ ትን ይላታል፣ እንዳይገርምሽ፣ ቀጭን ነገር ቶሎ ስለሚወርድ ነው። ወፈር ያለው ይሻላታል። ይህንን ሁሉ ኤጀንሲው ለልጅቷ ሳይነግር መላኩ ትልቅ ጥፋት ነው። በዚህ ካንቺ እኩል ተናድጃለሁ።

ግን እዚህም ያው ነው። በፌዴራል ሕግ ሜዲኬር የሚከፍለው ኤጀንሲ ለሚቀጥረው ረዳት የተቀመጠው ትንሹ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ 16ቱ በእጅ እየሠሩ የሚለማመዱት። ሕጉ ያለው ይኸው ነው። ስደርስና ስወጣ በስልኬ እመዘገባለሁ፣ ቤቱ መድረሴንም ስልኩ ያውቃል። ለኤጀንሲዎች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥበት የመንግሥት ድረ ገጽም አለ። ማክሰኞ ጠዋት በር የምታንኳኳው ማን እንደሆነች ግን ኮከቡ አይነግርሽም።

እኚህ የምንከባከባቸው እናት ቤት ከመግባቴ በፊት በሁለት ወር ውስጥ ሰባት ሰው ተቀያይሮባቸው ነበር። ሁሉም ቅጹ ላይ «ቆዳ ታይቷል» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል። የመጀመሪያ ቀን ካልሲያቸውን ሳወልቅ ግራ ተረከዛቸው ጠቁሮ፣ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ አገኘሁት። ከሳምንት በኋላ ተከፈተ። ለመዳን አራት ወር ፈጀ። እሳቸው እንደኛ ጥቁር ናቸው። ትምህርቱ ላይ «የቀላ ቦታ ፈልጉ» ነው የሚሉን። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። በእጅሽ መንካት አለብሽ። ከሌላው ቦታ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ፣ ጠንክሮ ወይም ልል ብሎ፣ ወይ ደግሞ ጠቆር ብሎ ታገኚዋለሽ። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔም አንድ ቀን ሳላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ሁለተኛ ሺፍቴ ነበር፣ ዓይኔ ይዘጋ ነበር። ምንም አልሆኑም። ግን እስካሁን ካልሲ ባወለቅሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ስለዚህ የሚላኩት ልጆች ክፉዎች ናቸው ብለሽ አታስቢ። የደከመ ሰው ያልፋል፣ ያልተነገረው አያውቅም።

ስለዚህ እባክሽ የእማዬን ተረከዝ እይልኝ። ሁለቱንም፣ በየቀኑ። መቀመጫዋን፣ ከወገቧ በታች ያለውን አጥንት፣ ዳሌዋን ዳብሺ። አልጋ ላይ ስትሆን በየሁለት ሰዓቱ ትገላበጥ። ባቷ ሥር ትራስ አድርጊና ተረከዟ ፍራሹን ሳይነካ ይንጠልጠል። እትዬ አልማዝ በቅቤ ይታሽ ብለዋል አልሽ። ለፍቅራቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን አጥንቱ ላይ እንዳያሹት፣ የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል። በዘዴ ንገሪያቸው፣ እንዳይከፋቸው።

የግራ እጇን ይዞ የሚያነሳት እንዳይኖር። ትከሻዋ ይወልቃል። ስታለብሷት መጀመሪያ የግራውን እጅ አግቡ፣ ስታወልቁ የግራውን በመጨረሻ።

ከኤጀንሲው ኃላፊ ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። አትጩኺ። አሁን ያለችው ልጅ፣ ብርቱካን፣ እንድትቀጥል ንገሪያቸው፤ እሷ የቀረች ቀን ማን እንደሚመጣ አስቀድመው ይንገሩሽ፤ አዲሷም ብቻዋን ከመግባቷ በፊት ከብርቱካን ጋር አንድ ቀን ትዋል። ነርሷ ግፊት ለክታ ብቻ እንዳትሄድ፣ ብርቱካን ስታነሳትና ስታበላት ቆማ ትይ። እዚህ ነርስ በሚመላለስበት ቤት ነርሷ ቢያንስ በየ14 ቀኑ የረዳቷን ሥራ ማየት አለባት። አንድ ደብተር ቤት ይቀመጥ። የግፊቱ ቁጥር፣ የበላችው፣ የተገላበጠችበት ሰዓት፣ መድኃኒቷ ይጻፍበት፤ የጻፈችውም ትፈርም። በውሉ ሦስት ቀን ከተባለና አንድ ቀን ከመጣች ደግሞ የሦስት ቀን አትክፈይ። በዚህ አትፈሪ፣ መብትሽ ነው።

ብርቱካን ያልኩሽ ለምን መሰለሽ? ከሦስቱ የመጨረሻዋ ናት። አንቺ እየተቆጣሽ ስታወሪ ከኋላ የእማዬ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ልጄ፣ ነጠላዬን» ስትል ሰማኋት። ቃሉ ተጎትቶ ነው የወጣው፣ ግን ሰማሁት። አንቺ እያወራሽ ስለነበር ለብርቱካን ነው ያለችው። ቅናት ያዘኝ፣ አልደብቅሽም። ከዚያ ደግሞ እኔን የሚጠሩኝ እናት ትዝ አሉኝ። በልጃቸው ስም ነው የሚጠሩኝ። አቤት እላለሁ።

«ሠራተኛዋ» ስትያት ሆዴን ቆረጠኝ ቤቲ። ስሟን ጥሪያት። ምሳ አብራችሁ ብሉ። ከምንከፍለው ውስጥ እሷ እጅ ስንት እንደሚገባ ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፤ ትንሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ ለበዓል የሆነ ነገር እጨምራለሁ። ትንሽ የምታገኝ ልጅ የተሻለ ስታገኝ ትሄዳለች፣ እማዬም እንደገና ለማታውቀው ሰው ገላዋን ትገልጣለች። እማዬን ታውቂያታለሽ። በእኛ ፊት እንኳ ልብሷን የማትቀይር ሴት። አሁን በሦስት እንግዳ እጅ ታጠበች። ከትን ማለቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። ስትታጠብ አንሶላ ጣል ይደረግባት፣ የሚታጠበው ብቻ ይገለጥ። በሩ ይዘጋ። «አሁን እግርሽን ላጥብ ነው» ተብሎ ይነገራት፣ ባትመልስም።

የነቢያትን ጾም አላቋርጥም ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም አለች የተባለውን ሰምቻለሁ። የጠዋት መድኃኒቷ ሊቀር ነው ማለት ነው። አንቺ አትጨቃጨቂያት፣ እኔም ብደውል አትሰማኝም። የነፍስ አባቷን ጥሪያቸው። በሽተኛ ናት፣ ይፈቱላታል። እሳቸው ካሏት ትሰማለች። ጸበልም ትሂድ፣ እንጦጦ ማርያም ብትደርስ ደስ ይላታል። ብቻ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ።

አሁን ወደ ሰርግሽ። «እሰርዘዋለሁ» ያልሽው ነገር በጣም ነው ያስደነገጠኝ። ዳዊት ስንት ዓመት ጠበቀሽ? ከጥምቀት በኋላ ነው የተባለው፣ እንደተባለው ይሁን። ድግሱ ይነስ፣ ድንኳን አይተከል፣ ግድ የለም። እማዬን ብርቱካን ታልብሳት፣ በዊልቸር ወደ ሳሎን ትውጣ። ቀኝ እጇ ደህና ነው። በቀኝ እጇ ትመርቅሻለች። የኔ ሰርግ ቢሆን ብለሽ አስቢ። እኔ እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ... ተይው። አንቺ ተድረሽ ልይ። የማየው በስልክ ነው፣ ግን ልይ።

እማዬን ጥዬ አላገባም ማለትሽ ይገባኛል። አንቺ ከጎኗ ቆይተሽ ነው እኔ የወጣሁት፣ ያንን ረስቼ አላውቅም። ኤጀንሲ እንያዝ ያልኩሽ ላንቺም ብዬ ነው። ሌሊት ብቻሽን ስታገላብጫት ወገብሽ ያልቃል። ያን ጊዜ ሁለት በሽተኛ ነው የሚኖረኝ፣ ሁለቱም እጄ የማይደርስባቸው።

ባለፈው ቅዳሜ የእናትየዋን ፀጉር አጠብኩ። ነጭ ነው፣ ስስ። ሳበጥረው እማዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ ስትሠራን ትዝ አለኝ። አንቺ ጉልበቷ ላይ ተኝተሽ ስታለቅሺ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ከሽሮ ሜዳ የሚወርዱት ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሴቶች በበራችን ሲያልፉ። ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። እናትየዋ ዘወር ብለው «ምነው?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው።

የእማዬን ፀጉር ማን ነው አሁን የሚያበጥረው? ለነገሩ ብርቱካን ታበጥራት ይሆናል። ግን ቅዳሜ አንቺ አድርጊው። በትንሽ ቅቤ፣ ጭንቅላቷ ላይ ቅቤ ግድ የለውም።

እሑድ በናንተ 3 ሰዓት ጠዋት እደውላለሁ። እኔ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ከሥራ ስለምወጣ ነቅቼ ነው የማገኝሽ። ከመደወሌ በፊት የሁለቱን ተረከዟን ፎቶ ላኪልኝ፣ መስኮቱ ጋ በብርሃን አንሺው። ስልኩን በቀኟ በኩል ያዥላት፣ በግራ በኩል ከሆነ አታስተውለውም። እኔ ነኝ ስላት ቶሎ ካልመለሰችልኝ አትናገሪላት። እጠብቃታለሁ።

እህትሽ ሰብለ